ኮዱ አንድ፣ ደመወዙ ብዙ

የሶፍትዌር ሥራ ከብዙ ሙያዎች የሚለይበት ነገር ምርቱ ድንበር አለማወቁ ነው። ሐኪም ሕመምተኛው አጠገብ፣ ግንበኛም ግድግዳው ሥር መገኘት አለበት፤ ኮድ ግን ባንጋሎር ተጽፎ በዚያው ደቂቃ ሲያትል ላይ ይሠራል። በኢኮኖሚክስ ሀሁ ከሄድን፣ እንዲህ በቀላሉ የሚጓጓዝ ሥራ ዋጋው በዓለም ዙሪያ መቀራረብ ነበረበት። አልተቀራረበም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ባሰላው መሠረት (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገሪቱ ሶፍትዌር ዴቨሎፐሮች አማካይ ቦታ ላይ ያለው ዓመታዊ ደመወዝ 133,080 ዶላር ነበር፤ ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። የመላው የአሜሪካ ሠራተኛ ተመሳሳይ ቁጥር 49,500 ዶላር ነው። በሕንድ ታላላቅ የሶፍትዌር አገልግሎት ኩባንያዎች ውስጥ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የሚቀጠር ወጣት ዓመታዊ ክፍያው ከ300,000 እስከ 400,000 ሩፒ ገደማ፣ በዶላር ከ5,000 የማይሞላ ነው፤ ይህም ለአሥር ዓመት ያህል ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ንጽጽሩ ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም፤ አንዱ ጀማሪውንም ባለ ልምዱንም ሲያካትት ሌላው ጀማሪውን ብቻ ያሳያል። ጀማሪን ከጀማሪ ብናነጻጽርም ግን ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይቆያል።

ይህን ልዩነት ለማስረዳት ሦስት መልሶች ይሰጣሉ፦ ችሎታ ነው፣ አገር ነው፣ ኩባንያው ነው። ማስረጃዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ሚዛኑ የሚያጋድለው ወደ ሁለቱ የኋለኞቹ ይመስለኛል። ደመወዙ የተጣበቀው ከሠራተኛው እጅ ይልቅ ከተቀመጠበት ወንበር ጋር ነው፤ ወንበሩ ደግሞ ኩባንያውና ድንበሩ ተገጣጥመው የሠሩት ነው። ይህ ከሆነ የሥራ ዝውውር ከደመወዝ ጥያቄ ተነጥሎ አይታይም። ማን ከየት ወዴት መዛወር እንደሚችል የሚወስን ሕግ ሁሉ፣ ሳይባል፣ ደመወዝ የሚወስን ሕግ ነው።

ቁጥሮቹ የሚለኩት ምንድን ነው?

አስቀድሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአሜሪካው ቢሮ «ፕሮግራመር» እና «ሶፍትዌር ዴቨሎፐር» የሚላቸውን ለይቶ ይቆጥራል። የፊተኛው ሌላ ሰው የነደፈውን ወደ ኮድ የሚቀይር፣ የኋለኛው ራሱ የሚነድፍ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ለፕሮግራመር በዚያው ወቅት የተመዘገበው 98,670 ዶላር ነበር። በየቢሮው ያሉት ሠራተኞች ይህን መስመር እምብዛም አያውቁትም፣ ግን የ34,000 ዶላር ልዩነት ቋጥሯል። ሌላው ችግር ቢሮው በአክሲዮን መልክ የሚሰጠውን ክፍያ አለመቁጠሩ ነው፤ በታላላቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ግን የሲኒየር ባለሙያ ገቢ ትልቁ ክፍል አንዳንዴ እሱ ነው። በተቃራኒው ሌቭልስ ዶት ኤፍዋይአይን የመሰሉ መድረኮች አክሲዮኑን ይጨምራሉ፤ መረጃው ግን ሠራተኞች በፈቃዳቸው የሚያስገቡት ስለሆነ የታላላቆቹ ኩባንያዎች ሰዎች ይበዙበታል። አንደኛው የላይኛውን ጫፍ ይቆርጣል፣ ሌላው ጫፉን መሐል ያስመስላል። በደመወዝ ዙሪያ ከሚነሳው ክርክር ብዙው ሁለት ሰዎች ከእነዚህ ሁለት ምንጮች አንዳንድ ቁጥር ይዘው ሲጋጩ የሚፈጠር ነው።

በምራቂ ይሰጥ የነበረ ሥራ

የሙያው አጀማመር ዛሬ ካለው ክብር ጋር አይገናኝም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ኤኒያክ የተባለውን ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ሥራቸው እንደ ጸሐፊነት ሲታይ ሙገሳው ማሽኑን ለሠሩት መሐንዲሶች ሄደ። ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሶፍትዌር ማሽን ለገዛ በምራቂ የሚሰጥ ነገር ነበር። አይቢኤም በጁን 1969 ሶፍትዌርን ከማሽኑ ለይቶ ዋጋ እንደሚያወጣለት ሲያስታውቅ ራሱን የቻለ የሶፍትዌር ገበያ መንገድ ተከፈተለት። ምርቱ ለብቻው እስኪሸጥ ድረስ የሠሪው ደመወዝ የማሽን ፋብሪካ ወጪ እንጂ የገቢ ምንጭ አልነበረም፤ «ሶፍትዌሩ የሚሸጠው ነገር ነው ወይስ የሚሸጠውን የሚያግዝ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በባንክና በሶፍትዌር ኩባንያ መካከል ያለውን የክፍያ ልዩነት አብዛኛውን ያስረዳል።

የዛሬው ደመወዝ ሁለተኛው ሥር ሥራን ጥሎ የመሄድ ልማድ ነው። በ1957 ስምንት ባለሙያዎች አሠሪያቸውን ዊልያም ሾክሊን ትተው ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን መሠረቱ፤ ከዚያ የወጡት ደግሞ ሌሎችን መሠረቱ። አናሊ ሳክሴኒያን በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ሲሊከን ቫሊ በቦስተን ዙሪያ ያለውን ሩት 128 የተባለ የቴክኖሎጂ ቀጠና የበለጠው ሠራተኛው ከኩባንያ ወደ ኩባንያ እንደልቡ የሚዘዋወርበት ባህል ስለነበረው ነው ብለው ተከራከሩ። የሕግ ምሁሩ ሮናልድ ጊልሰን በ1999 መልሱን ወደ ሕግ መለሱት፦ ካሊፎርኒያ ከ1872 ጀምሮ ሠራተኛ ወደ ተፎካካሪ ድርጅት እንዳይሄድ የሚያስር ውልን አታጸናም፤ ማሳቹሴትስ ግን ታጸና ነበር። ባህሉ ሕጉን አቆየው ወይስ ሕጉ ባህሉን ወለደው የሚለው እስካሁን አልተቋጨም፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ አብረው ስለኖሩ ነጣጥሎ መመዘን ከባድ ነው።

ሰው ከሚሄድ ሥራው ይሂድ

በሌላው የዓለም ጫፍ ታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስ በ1968፣ ኢንፎሲስ በ1981 ተቋቋሙ። መጀመሪያ ላይ የሕንድ ኩባንያዎች ይልኩ የነበረው ኮድ ሳይሆን ሰው ነበር፤ ፕሮግራመሩ አሜሪካ ሄዶ ደንበኛው ቢሮ ተቀምጦ ይሠራል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1985 ባንጋሎር ላይ ቢሮ ሲከፍት፣ በ1991 ደግሞ ሕንድ ኢኮኖሚዋን ስትከፍት ሥራው ራሱ መጓዝ ጀመረ። የ2000 ዓ.ም. የኮምፒውተር ቀን አቆጣጠር ስጋት ዘመቻ ለሕንድ ኩባንያዎች ትልቅ ገበያ ሆነላቸው። በአሜሪካ በኩል የ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ ኤች ዋን ቢ የሚባለውን ቪዛ ፈጠረ፤ የዓመት ጣሪያው 65,000 ሆኖ ከ2001 እስከ 2003 ወደ 195,000 ከፍ ካለ በኋላ ተመልሶ ወረደ፤ በአሜሪካ ማስተርስ ለያዙ 20,000 ተጨመረበት። ጣሪያው ከአመልካቹ ሲያንስ ዕጣ ይወጣል። ይህ ዕጣ፣ አመልካቾችን ቢያስለቅስም፣ ለተመራማሪዎች ሲሳይ ሆነ።

ችሎታ፣ አገር፣ ኩባንያ

የችሎታ ወገን ክርክር ቀላል ነው። ከፍ ያለ ደመወዝ የሚከፍሉት የተሻለውን ሰው ይመርጣሉ፤ በአሜሪካዋ ሂውስተን ያለውና በሕንዷ ሃይደራባድ ያለው ሰው አንድ አይደሉም። ይህን በቀጥታ የፈተነው የማይክል ክሌመንስ ጥናት ነው። ክሌመንስ አንድ በሕንድ የተመሠረተ የሶፍትዌር ኩባንያ ለሠራተኞቹ ቪዛ ሲጠይቅ የተፈጠረውን ዕጣ ተጠቀሙ፦ አመልካቾቹ በአንድ ኩባንያ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ፣ በአንድ መመዘኛ የተመረጡ ናቸው፤ የለያቸው ዕጣው ብቻ ነው። ከሕንድ ውጭ የመሥራት ዕድል የደረሰው ሠራተኛ ደመወዝ ስድስት እጥፍ ያህል ሆነ። ሰውየው አልተለወጠም፣ ኩባንያው አልተለወጠም፣ የተለወጠው የቆመበት መሬት ነው። በእርግጥ ጥናቱ የአንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ ደንበኛው አጠገብ መገኘት ራሱ ዋጋ ያለው ሥራ ነው የሚል መከራከሪያም ይቀርባል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ደንበኛው አጠገብ መቀመጥ የወንበሩ ጠባይ እንጂ የተቀማጩ አይደለም።

አገር ብቻ ደግሞ አይበቃም። የቴክኖሎጂ ጸሐፊው ጌርገይ ኦሮስ በ2021 የኔዘርላንድስን ገበያ ሲያዩ የባለሙያ ደመወዝ አንድ ጉብታ ሳይሆን ሦስት ጉብታ እንዳለው አመለከቱ፦ ደመወዛቸውን ከአካባቢያቸው መሰሎቻቸው ጋር ብቻ የሚያስተያዩ ድርጅቶች፣ ከአካባቢው ምርጦች ጋር የሚፎካከሩ፣ በመጨረሻም በዓለም ገበያ ሰው የሚሻሙ። ከተማው ያው አምስተርዳም፣ ቋንቋውና የቤት ኪራዩ ያው ሲሆን የክፍያው ልዩነት በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሰፋል። ሕንድ ውስጥም እንዲሁ ነው። የውጭ ኩባንያዎች በገዛ ስማቸው የከፈቷቸው ማዕከላት በ2024 ከ1,700 በልጠው 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ቀጥረው ነበር፤ በእነዚህ የሚቀጠረው ሰው ከአገልግሎት ኩባንያው መንገድ ማዶ ቢሠራም ሌላ ዓለም ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ከሒሳቡ ይጀምራል። የጎግል እናት ኩባንያ አልፋቤት በ2023 ከ307 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ ሠራተኞቹ 182,500 ገደማ ነበሩ፤ በነፍስ ወከፍ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስ እስከ ማርች 2024 ባለው የበጀት ዓመት 29 ቢሊዮን ዶላር ያህል አስገብቶ 601,500 ሠራተኛ ነበረው፤ በነፍስ ወከፍ 48,000 ዶላር። ሁለተኛው ኩባንያ የቱንም ያህል ቸር ቢሆን ለሁሉም የሲሊከን ቫሊ ደመወዝ መክፈል አይችልም። አንደኛው አንዴ የተጻፈ ምርት ለቢሊዮኖች ያቀርባል፣ ሌላው የሰው ሰዓት ይሸጣል። ከዚህ ጣሪያ በታች ምን ያህሉ ለሠራተኛው ይደርሳል የሚለው ግን በሒሳብ አይፈታም፤ እሱ የድርድርና የአማራጭ ጉዳይ ነው።

የችሎታ ወገን ጠንካራው ማስረጃ ከዚሁ የኩባንያዎች ልዩነት ይነሳል። ጄ ሶንግ፣ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቻቸው በ2019 ባሳተሙት ጥናት ከ1978 እስከ 2013 በአሜሪካ ከሰፋው የገቢ ልዩነት ሁለት ሦስተኛው በኩባንያዎች መካከል የተፈጠረ መሆኑን አሳዩ፤ ነገር ግን ዋነኛው ምክንያት ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይበልጥ ለጋስ መሆናቸው አልነበረም፤ ብዙ የሚያገኝ ሠራተኛ ብዙ ወደሚከፍል ኩባንያ እየተሰበሰበ መምጣቱ ነው። እንግዲህ ችሎታ የለበትም ማለት አይቻልም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ችሎታ በቀጥታ አይከፈልም፣ ወንበር ለማግኘት ይጠቅማል። ብቃታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ወንበሩን ሲያገኝ ሌላው ሲያጣ ልዩነቱን ችሎታ ብሎ መጥራት ዕጣውን መርሳት ነው።

ስለ ኢንዱስትሪዎች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ነገሩ ከዚሁ ሒሳብ ይከተላል። የገንዘብ ገበያ ነጋዴ ድርጅቶች በነፍስ ወከፍ ብዙ ስለሚያተርፉ ብዙ ይከፍላሉ። የጌም ኢንዱስትሪው ደግሞ ሥራውን የሚወዱ ወጣቶች ስለሚሰለፉለት በርካሽ ያሠራል ተብሎ ይወቀሳል፤ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ባልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ከሠራተኞቹ ለቀረቡበት ክሶች በ2005ና በ2006 በድምሩ 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ በስምምነት ዘግቷል።

የኑሮ ውድነት መልስ ይሆናል?

ሁልጊዜ የሚነሳው ተቃውሞ «ሳን ፍራንሲስኮ ኪራዩ ይበላዋል» የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። የጀርመን ሠራተኛ ሕክምናው በግዴታ መድን፣ የልጅ ትምህርት በግብር ተከፍሎለት፣ የዓመት ፈቃዱ በሕግ ተጠብቆለት ከአሜሪካዊው ግማሽ ቢያገኝ የኑሮው ልዩነት ግማሽ አይሆንም። ነገር ግን የኑሮ ዋጋ የሚያስተካክለው የሚበላውንና የሚከራየውን ነው፤ የሚቆጠበውን አያስተካክልም። ላፕቶፕ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የውጭ ትምህርት፣ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ በዶላር ይከፈላሉ። ደግሞም ኑሮ ውድ የሆነው ደመወዙ ከፍ ስላለ ሊሆን ይችላል፤ መንስኤና ውጤቱ የተገለበጠ ክርክር ነው።

ከቤት መሥራት በ2020 ሲስፋፋ ልዩነቱ ይጠፋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ በዚያው ዓመት ከሲሊከን ቫሊ ርቆ ለመሥራት የሚመርጥ ሠራተኛ ደመወዙ በሚኖርበት ቦታ ልክ እንደሚስተካከል ተናገሩ። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ደመወዝን በመኖሪያ ቦታ የሚያስተካክል ማባዣ አውጥቶ በይፋ ተጠቀመበት። 37ሲግናልስ በተቃራኒው ሠራተኛው የትም ይኑር በሳን ፍራንሲስኮ ገበያ ልክ ይከፍላል፤ ኩባንያው ግን ትንሽ ነው፣ ሺዎችን የሚቀጥር ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። በ2014 ናይጄሪያ ላይ የጀመረው አንዴላ ወጣቶችን አሠልጥኖ ለአሜሪካ ኩባንያዎች ያሠራ ነበር፤ በ2019 ወደ 400 የሚሆኑ ጀማሪዎችን አሰናበተ፣ ምክንያቱም ገበያው የሚፈልገው ሲኒየሮችን ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ርቀት ሲጠፋ መጀመሪያ የተጠቀመው ቀድሞ ወንበር ላይ የነበረው ነው።

የዝውውር ልጓም

አሠሪዎች ዝውውር ደመወዝ እንደሚያስጨምር ከማንም በላይ ያውቃሉ። አፕል፣ ጎግል፣ ኢንቴልና አዶቢ አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ደውሎ እንዳይጠራ ተስማምተዋል በሚል ሠራተኞቻቸው ከሰሷቸው። የመጀመሪያውን 324.5 ሚሊዮን ዶላር የእርቅ ስምምነት ዳኛ ሉሲ ኮህ አነሰ ብለው በ2014 ውድቅ አደረጉት፤ በ2015 በ415 ሚሊዮን ተቋጨ። ዕድሜ ልኩን «ገበያው ይወስናል» ሲል የኖረ ኢንዱስትሪ ገበያው እንዳይወስን መዋዋሉ ከማንኛውም ጥናት በላይ ይናገራል።

የቪዛው ክርክር ግን እንዲህ ግልጽ አይደለም። ባውንድ፣ ካናና ሞራሌስ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ባሰሉት ሞዴል ቪዛው ባይኖር ኖሮ በ2001 የአሜሪካውያን የኮምፒውተር ባለሙያዎች ደመወዝ ከ2.6 እስከ 5.1 በመቶ ከፍ ይል ነበር። ያው ሞዴል ሸማቹና ኩባንያዎቹ እንደተጠቀሙ፣ ፈጠራም እንደጨመረ ያሳያል። ካናና ሞራሌስ በሌላ ሥራቸው ወደ አሜሪካ የመሄድ ተስፋ ሕንዳውያንን ወደ ሙያው ስቦ፣ ዕጣው ያልደረሳቸውና የተመለሱት የሕንድን ኢንዱስትሪ እንዳሳደጉ ይከራከራሉ። ሁለት ነገሮች ሳይለዩ ስለሚቀሩ ክርክሩ ይደናገራል፦ ሰው መግባቱ አንድ ነው፣ የገባው ሰው ከአሠሪው ጋር መታሰሩ ሌላ ነው። ቪዛው በአሠሪ ስም ስለሚጠየቅ፣ ግሪን ካርድ ለመጠበቅም ለሕንዳውያን ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ፣ የመዛወር አቅሙ ይደክማል፤ ለጎረቤቱ ደመወዝ አደጋ የሚሆነው መምጣቱ ሳይሆን መሄድ አለመቻሉ ነው። በሴፕቴምበር 2025 በአዲስ ማመልከቻ ላይ የተጣለው 100,000 ዶላር ክፍያ የመጀመሪያውን ይነካል፤ ሁለተኛውን አይፈታም።

በር ጠባቂው ሁልጊዜ ድንበር ላይ አይቆምም። እስራኤል ውስጥ ሃይቴክ ከአገሪቱ ኤክስፖርት ግማሹን ገደማ ሲይዝ ደመወዙ ከሌላው ዘርፍ በእጅጉ ይበልጣል፤ ወደዚያ የሚወስደው አንዱ ዋና መንገድ 8200ን የመሰሉ የሠራዊቱ የቴክኖሎጂ ክፍሎች ናቸው። የቤተ እስራኤል ወጣቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቴክ ካሪየር የተባለውን የሥልጠና ድርጅት ያቋቋሙት ለዚህ ነው፦ አገሩ ያው፣ ከተማው ያው ሆኖ ወንበሩ ጋ የሚያደርሰው ሰንሰለት ግን አልነበራቸውም።

አዲስ አበባ ላይ ያለው ስሌት

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ባለሙያ በሦስት ዓይነት ወንበር ሊቀመጥ ይችላል፦ በብር የሚከፍል ባንክ፣ ቴሌኮም ወይም መሥሪያ ቤት፤ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት፤ ወይም በቀጥታ የውጭ ኩባንያ በሪሞት። በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ችሎታ ሳይሆን ምንዛሪ ሲያሰፋው ታይቷል። ከጁላይ 29 ቀን 2024 በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ተመኑ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር ተከፋዩ አንዲት መስመር ኮድ ሳይጨምር ወይም ሳይቀንስ ከዓለም ገበያ አንጻር ዋጋው በግማሽ ገደማ ወረደ። ግብሩም ከዚህ ጋር አልተራመደም፤ በ2025 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ 35 በመቶው የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ባለው ወርኃዊ ገቢ ላይ ነው፤ ይህም በወቅቱ ምንዛሪ ከ100 ዶላር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ መጠነኛ ልምድ ያለው ዴቨሎፐር ከአገሪቱ ሚኒስትርና ከባለሀብቱ ሥራ አስኪያጅ ጋር በአንድ የግብር እርከን ላይ ይገኛል።

ሪሞቱን የሚመርጥ ሌላ እንቅፋት አለበት፦ ስትራይፕን የመሰሉ የክፍያ መድረኮች ለኢትዮጵያ ድርጅቶች አካውንት አይከፍቱም፣ ጡረታና የሥራ ዋስትናም አብሮ አይመጣም። ኤቱኤስቪ የተባለው ፕሮግራም የኢትዮጵያ ተማሪዎችን ለጎግልና ለብሉምበርግ ዓይነት ኩባንያዎች ፈተና አዘጋጅቶ አስቀጥሯል። ተቺዎች «አገሪቱ ያስተማረችው ሰው ሄደ» ይላሉ፤ የሕንዱ ማስረጃ ደግሞ የመሄድ ተስፋ ራሱ ብዙዎችን ወደ ሙያው ይስባል ይላል። የሕንዱ ውጤት ግን የመጣው ተመላሾቹን የሚቀበል ኢንዱስትሪ ስለነበረ ነው፤ እዚህ ግን እንዲህ ያለው ኢንዱስትሪ ገና ጥቂት ነው። በ2024 ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አቅርቦቱን ያበዛል፤ ወንበሮቹ ከየት እንደሚመጡ አይነግረንም።

የመጀመሪያው ደረጃ

አሁን ያለው ክርክር በጀማሪዎች ላይ ያረፈ ነው። ኤሪክ ብሪንጆልፍሰን፣ ባራት ቻንዳርና ሩዩ ቼን በኦገስት 2025 ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 25 የሆኑ የአሜሪካ ሶፍትዌር ዴቨሎፐሮች ቅጥር በ2022 መጨረሻ ከነበረበት ጫፍ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ወርዷል፤ በዚያው ሙያ በዕድሜ የገፉት ላይ ግን እንዲህ ያለ ውድቀት አልታየም። ተመራማሪዎቹ ተጠያቂ የሚያደርጉት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው። ሌሎች በዚያው ጊዜ የተለወጡ ሁለት ነገሮችን ያነሳሉ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከዜሮ አካባቢ በአንድ ዓመት ከምናምን ከ5 በመቶ በላይ ደረሰ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ግብር ሕግ ኩባንያዎች የሶፍትዌር ልማት ወጪን በዓመቱ ከመቀነስ ይልቅ ለአገር ውስጥ ሥራ በአምስት፣ ለውጭ አገር ሥራ በ15 ዓመት እንዲከፋፍሉት አስገደደ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያው ራሱ ምን ያህል ሥራ እንደሚያቀል እንኳ አልጠራም፤ ሜትር የተባለው ተቋም በ2025 ልምድ ያላቸውን 16 ዴቨሎፐሮች ፈትኖ መሣሪያውን ሲጠቀሙ 19 በመቶ ዘግይተው አገኛቸው፤ እነሱ ግን የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። ፈተናው ግን ጥቂት ሰዎች የገዛ ኮዳቸውን በደንብ በሚያውቁበት ሁኔታ የተደረገ ስለሆነ ለጀማሪው ጉዳይ አይመሰክርም።

በጁላይ 2025 የወጣው የአሜሪካ የግብር ሕግ የአገር ውስጡን የሶፍትዌር ልማት ወጪ ወደ ቀድሞው መለሰ፤ የውጭው 15 ዓመት ግን እንዳለ ቀረ። ከእንግዲህ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በቴክሳስ የሚከፍለውን ደመወዝ በዓመቱ ሲቀንስ፣ በባንጋሎር ወይም በአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚያሠራው ልማት የሚከፍለውን በ15 ዓመት ይቀንሳል። የደመወዙ ርካሽነት ይህን የግብር ጫና ይበልጠው ይሆን ወይስ ይበለጥ ይሆን የሚለው፣ ከአሠልጣኞቹም ከሠልጣኞቹም እጅ ውጭ በየኩባንያው የሒሳብ ክፍል የሚወሰን ነው።